ሁለት ባልዲ ውሃ፦ ቱቫሉ የተጠማችበት ዓመት

መስከረም 17 ቀን 2004 ዓ.ም የመስቀል በዓል ነበር። እኛ ጋ ክረምቱ ወጥቷል። ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል፣ ወንዙም ገና አልጎደለም። በዚያው ዕለት፣ ከእኛ እጅግ ርቃ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መሃል የምትገኝ ቱቫሉ የምትባል አገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። የሚጠጣ ውሃ አልቆባት ነው።

በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2011 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በዋና ከተማዋ በፉናፉቲ፣ እንዲሁም ከእሷ በስተደቡብ ባለችው በኑኩላኤላኤ ደሴት ውሃ በራሽን ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ በቀን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባልዲ ብቻ ተፈቀደ። በእኛ አነጋገር ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት ለአንዱ ሰው ሰባት ሊትር እንኳ አይደርሰውም። የሚጠጣው፣ የሚበስልበት፣ ሕፃን የሚታጠብበት፣ ዕቃ የሚታጠብበት ሁሉ ከዚያ ነው። በአደጋ ጊዜ የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ስፌር የሚባል የጋራ መመዘኛ አላቸው። እሱ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። የቱቫሉ ሰው ከዚያ ግማሹን እንኳ አላገኘም።

ይህን ጉዳይ ልጽፍበት የተነሳሁት በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የየአገሩን የመጠጥ ውሃ ሁኔታ ይከታተላሉ። በእነሱ ሠንጠረዥ ላይ ኢትዮጵያን ብትፈልጉ፣ መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ የሚያገኘው ሕዝብ ግማሽ ገደማ ነው። ቱቫሉን ብትፈልጉ ደግሞ ቁጥሩ ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ነው። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ቱቫሉ የውሃ ችግሯን ጨርሳለች ብሎ ገጹን ይገለብጣል። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ የደመቀች አገር ናት እንግዲህ ሁለት ባልዲ ለቤተሰብ ያደለችው። እንዴት?

አገሪቱን ላስተዋውቃችሁ። ቱቫሉ ዘጠኝ ደሴቶች ናት። ስሟ ግን በቋንቋቸው "ስምንት ሆነው የቆሙ" ማለት ነው፤ ከጥንት ሰው የሚኖርባቸው ስምንቱ ስለነበሩ። የመሬቷ ስፋት በጠቅላላው 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሕዝቧ 11 ሺህ ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፉናፉቲ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ከፍተኛው ቦታዋ ከባህር ጠለል አምስት ሜትር አይሞላም። ተራራ የለም። ወንዝም ምንጭም የለም።

ዝናብ ግን አለ፤ እንዲያውም ብዙ ነው። ፉናፉቲ ላይ በዓመት 3,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት የሚዘንበውን ሦስት ጊዜ እንደማለት ነው። ሕዝቡ የሚጠጣውም ይህንኑ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወርዳል፣ በአሸንዳ ይሰበሰባል፣ በቱቦ ወርዶ እኛ ሮቶ የምንለው ዓይነት የፕላስቲክ ታንከር ወይም በሲሚንቶ የተሠራ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። (አሸንዳ ስል የነሐሴውን በዓል አይደለም፤ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚገጠመውን የውሃ መውረጃ ነው።) ቤተሰቡ ከዚያ እየቀዳ ይኖራል። ሠንጠረዡም የሚቆጥረው ይህንን ነው። ውሃው ከብክለት በተጠበቀ ምንጭ ከተገኘ፣ ለመቅዳትም ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ በላይ ካልወሰደ "መሠረታዊ" ይባላል። የጣሪያ ዝናብ የሚጠራቀምበት ታንከር ደጁ ላይ ያለው ሰው ሁለቱንም ያሟላል። ታንከሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን ግን ይህ መመዘኛ አይጠይቅም። "በተፈለገ ጊዜ መገኘት" የሚለው ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ላይ ነው የሚመጣው።

ጉድጓድ ቢቆፍሩስ? በጥንት ጊዜ ቆፍረው ይጠጡ ነበር። እንዲህ ባለ የኮራል ደሴት ላይ ዝናቡ በአሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከሥር ባለው የባህር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጨዋማው ውሃ ከባድ ነው፣ ጨው የሌለው ቀላል ነው። ስለዚህ ከመሬት በታች ስስ የንጹህ ውሃ ሽፋን ይፈጠራል። ደሴቱ ሰፊ ከሆነ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ጠባብ ከሆነ ይሳሳል። አስተማማኝ የከርሰ ምድር ውሃ አላቸው የሚባሉት ደሴቶች ኑኩፌታው፣ ቫይቱፑና ናኑሜአ ብቻ ናቸው።

ዋና ከተማዋ ያለችበት ፎንጋፋሌ የምትባለው መሬት ደግሞ እንደ መቀነት ረጅምና ቀጭን ናት። ሰፊ በሚባለው ቦታዋ እንኳ 400 ሜትር ገደማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች እዚያ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠሩ ለሙሌት የሚሆን አፈርና ኮራል ከየቦታው ቆፍረው ወሰዱ። ጉድጓዶቹ ለብዙ አሥርተ ዓመታት እንደተከፈቱ ቀሩ፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ ተጎዳ። ከዚያ ከተማው አደገ፣ ሽንት ቤቶች በዙ፣ አሳማ በረቶች ተጨመሩ። በደንብ ያልተሠራው ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሹን በቀጥታ ወደዚያ ስስ የውሃ ሽፋን ያንጠባጥባል። ዛሬ ባህሩ ከፍ ሲል ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ጨዋማው ውሃ በድንጋዩ ቀዳዳ እየተንፈቀፈቀ ወደ ላይ ይወጣና ኩሬ ይሠራል። ስለዚህ በዋና ከተማዋ ከመሬት ሥር የሚጠጣ ነገር የለም። የቀረው ሰማይ ነው።

ሰማዩም በ2011 ተዘጋ። ምክንያቱ ላ ኒና የሚባለው የፓሲፊክ የአየር ጠባይ መዛባት ነው። ላ ኒና ሲመጣ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል፣ የሞቀውን የባህር ውሃ እየገፋ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ይወስደዋል። በቱቫሉ ዙሪያ ያለው ባህር ይቀዘቅዛል። ከቀዘቀዘ ባህር ላይ ደመና በደንብ አይነሳም። ስለዚህ ዝናቡ ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ የነበረው ላ ኒና ኃይለኛ ነበር፤ ጥቂት ጋብ ብሎ በ2011 ማብቂያ ደግሞ ተመለሰ። አዋጁ ሲወጣ ቱቫሉ ረብ ያለው ዝናብ ካየች ስድስት ወር አልፏታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ያው ላ ኒና ነው እኛንም የጎዳን። በ2010 መጨረሻ ሀገያ የሚባለው የቦረና አጭር ዝናብ ከሸፈ። በሶማሌ ክልልም እንደዚያው ሆነ። ከብቱ አለቀ። በጁላይ 2011 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደቡብ ሶማሊያ ረሃብ መግባቱን አወጀ። በዚያው ሰሞን በሌላኛው የዓለም ጫፍ ያለች የደሴት እናት ባዶ ባልዲ ይዛ ተሰልፋ ነበር። የባህር ሙቀት አንድ ቦታ ሲዛባ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ሳስብ፣ የቦረናው አርብቶ አደርና የፉናፉቲው ዓሣ አጥማጅ ጎረቤት ሆነው ይታዩኛል።

እርዳታው ቶሎ ደረሰ። ይህን መመስከር ተገቢ ነው። አዋጁ በወጣ በአምስተኛው ቀን ገደማ የኒው ዚላንድ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላን የባህር ውሃ ማጣሪያ መሣሪያዎችንና የቀይ መስቀል ባለሙያዎችን ጭኖ ፉናፉቲ አረፈ። የኒው ዚላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሙሬይ ማካሊ በዋና ከተማዋ የቀረው የመጠጥ ውሃ ከሳምንት እንደማያልፍ በወቅቱ ተናግረው ነበር። አውስትራሊያም ገባች። ጃፓን በ2006 ሰጥታ የነበረውን ማጣሪያም ጠገኑት። በስተምሥራቅ ያለችው ቶከላውም፣ ሦስት ደሴት ላይ 1,400 ሰው ገደማ ያላት፣ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ አዋጅ አውጥታ ነበር። ለእሷ ውሃ የደረሰው ከአሜሪካ ሳሞአ በተነሳ የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ነው።

አየር ማረፊያው አሜሪካኖች በጦርነቱ ጊዜ የሠሩት ያው ሜዳ ነው። የመሬቱን ውሃ ባበላሸው ቁፋሮ የተሠራው ሜዳ ሰባ ዓመት ገደማ ቆይቶ የውሃ ማጣሪያ ማራገፊያ ሆነ።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ብዙ ሰው መፍትሔው ይሄ ነው ብሎ የሚያስበው እሱን ነውና። ዙሪያው ሁሉ ባህር ነው፤ ጨውን አውጥቶ መጠጣት ነው እንጂ! አሠራሩ እንዲህ ነው። የባህሩን ውሃ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ስስ በሆነ ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፉታል። ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይሉታል። ግፊቱን የሚፈጥረው ፓምፕ ብዙ መብራት ይበላል። ፉናፉቲ ላይ መብራት በዋናነት የሚመጣው ከናፍጣ ጄነሬተር ነበር። ናፍጣው በመርከብ ይመጣል። መለዋወጫውም እንደዚያው። የጨው አየር ብረትን ቶሎ ይበላል። አንድ ዕቃ ከተበላሸ ቀጣዩን መርከብ መጠበቅ ነው።

በዋና ከተማዋ የነበረው ማጣሪያ በወረቀት ላይ በቀን 65 ሜትር ኩብ ያመርት ነበር። በተግባር የሚያወጣው 40 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። 40 ሜትር ኩብ 40 ሺህ ሊትር ነው። ለአምስት ሺህ ሰው ሲካፈል ለአንዱ ስምንት ሊትር። ደግሞ ይህ ማጣሪያ የታሰበው ለክፉ ቀን ነበር። የከተማው ክምችት ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ብቻ ይሠራ ተብሎ ነበር። ግን ሰዉ ታንከሩ ሲጎድል ስልክ ደውሎ ቦቴ ያስመጣ ነበር። መንግሥት ለአንድ ሜትር ኩብ 3.50 የአውስትራሊያ ዶላር ያስከፍል ነበር። ለማምረትና ለማድረስ የሚወጣው ወደ 6 ዶላር ነበር። ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍን ነበር። ውሃው ርካሽ ስለነበረ ማጣሪያው ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት ይሠራ ነበር፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠው መሣሪያ ክፉ ቀን ከመድረሱ በፊት ይደክም ነበር። ሰዉን መውቀስ አይቻልም። ልጆቹ ውሃ የሚጠይቁት እናት ናፍጣ በመርከብ እንደሚመጣ አስልታ አትደውልም።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ እናንተም አስሉት።

በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ቤት 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው እንበል። በዓመት 3,400 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 340 ሺህ ሊትር ይሆናል። አንድ አምስተኛው ፈሰሰ፣ ተነነ ብንል እንኳ 272 ሺህ ሊትር ይቀራል። ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም በቀን 300፣ በዓመት 110 ሺህ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ በደህና ዓመት ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ቤቱ ከሚፈልገው እጥፍ በላይ ነው!

አሁን ደግሞ በዚያ ቤት ደጅ ባለ 10 ሺህ ሊትር ታንከር አለ በሉ። በቀን 300 ሊትር ሲቀዳ 33 ቀን ይቆያል። አንድ ወር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ካልመጣ ባዶ ነው። አምስት ወር ድርቅ ለመሻገር 45 ሺህ ሊትር መያዝ ያስፈልጋል፤ አራት ተኩል ታንከር። በሁለት ባልዲ ራሽን ግን ያው ታንከር 250 ቀን ይዘልቃል። ራሽኑ ለምን እዚያ ድረስ እንደወረደ ከዚህ ይገባል።

ይህ ሁሉ አሸንዳው ደህና ሲሆን ነው። ብዙ ቤት ግን ደህና አልነበረም። ጣሪያው ዝጓል፣ አሸንዳው ተሰብሯል፣ ወይም ከጣሪያው በአንዱ ጎን ብቻ ነው የተገጠመው። ቱቦው በቅጠል ተደፍኗል። በአንድ ጎን ብቻ አሸንዳ ያለው ቤት የዝናቡን ግማሽ ለአሸዋ እየሰጠ ነው። በዚያ ጨዋማ አየር ቆርቆሮ ብዙ አይቆይም። ጥገናው ደግሞ የቤተሰቡ ነው፤ የቤተሰቡ ኪስ አንዳንዴ ይችላል፣ አንዳንዴ አይችልም።

አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህ ይገባዋል። እኛ ቤት ሮቶውን በጣት አንኳኩተን ነበር ውሃው የት እንደደረሰ የምናውቀው። ከላይ ባዶ ይጮሃል፣ ከታች ድምፁ ይታፈናል። የሚታፈንበት ቦታ ዝቅ ባለ ቁጥር እናቴ የልብስ ማጠቢያውን ቀን ትገፋዋለች። ቧንቧ አላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ቆጣሪ ቢመጣ መልሳችን አዎ ነበር። ስንት ቀን እንደሚያቆየን ግን የጠየቀን የለም።

ስለ ቱቫሉ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ከፍ የሚለው ባህር ነው። አገሪቱ ልትሰምጥ ነው ይባላል። ያ ስጋት እውነት ነው፤ የማቃልለው ሰው አይደለሁም። ግን ያ ወሬ ሌላውን ሸፍኖታል ባይ ነኝ። በ2011 ሰዉን ያስጠማው ከፍ ያለው ባህር አይደለም። ዝናብ ለወራት ቀረ፣ በደጉ ጊዜ የዘነበውም የሚጠራቀምበት ቦታ አጥቶ ፈሶ ነበር። የመጀመሪያውን ቱቫሉ ብቻዋን ልታስቆመው አትችልም። ሁለተኛው ግን የአሸንዳ፣ የቱቦ፣ የታንከርና የጥገና ጉዳይ ነው። ለጋዜጣ ርዕስ አይስብም። ሄርኩለስ ሲያርፍ ካሜራ ይሰበሰባል፤ አሸንዳ ሲጠገን ማንም አይመጣም።

ከዚያ በኋላ የተሠራውን ላውጋችሁ። በጁላይ 2012 የተባበሩት መንግሥታት የውሃና የንጽህና መብት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ፖርቱጋላዊቷ የሕግ ባለሙያ ካታሪና ደ አልቡኬርኬ ቱቫሉን ጎበኙ። መንግሥት ብሔራዊ የውሃ ስትራቴጂ እንዲያወጣ አሳሰቡ። በዚያው ዓመት አገሪቱ የውሃ ሀብት ፖሊሲ አዘጋጀች። ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር የሚል ግብም ተቀመጠ። ጃፓን በቀን 100 ሜትር ኩብ የሚያመርት ማጣሪያና ሁለት ተንቀሳቃሽ ባለ 10 ሜትር ኩብ ማጣሪያዎች እንዲገዙ ገንዘብ ሰጠች። የአውሮፓ ኅብረትና አውስትራሊያ በዋና ከተማዋና በሩቅ ደሴቶች ማጠራቀሚያዎች እንዲጨመሩ ረዱ።

እኔን የማረከኝ ግን የሽንት ቤቱ ሥራ ነው። ውሃ የማይፈልግ፣ ቆሻሻውን ወደ ብስባሽ የሚቀይር ሽንት ቤት በአንዳንድ ቤቶች ተሞከረ። ቤተሰቡ የሚጠቀመውን ውሃ እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። አስቡት፤ በአንዳንድ ቤት ቤተሰቡ ከሚጠቀመው ውሃ ሲሶ የሚጠጋው በሽንት ቤት ነበር የሚሄደው። በዚያ ላይ ሴፕቲክ ታንክ ስለማይኖረው የከርሰ ምድሩን ውሃ አይበክልም። ብስባሹ ለአትክልት ይሆናል፤ አፈሩ ድሃ በሆነበት የኮራል አሸዋ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሥራ ሦስት ነገር ይፈታል። ቤት ሲገባ ከሰው ልማድ ጋር የሚጋጭ መሆኑ አይካድም፤ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል።

በማርች 2015 ደግሞ ፓም የሚባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ያኔ ውሃው በዛ እንጂ አልጠፋም። ባህሩ ደሴቶቹ ላይ ወጣ። ጉድጓድ ውስጥ ጨው ገባ፣ የእርሻ ጉድጓዶች ተበላሹ። በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ፑላካ የሚባል፣ ከእኛ ጎደሬ ጋር የሚዘመድ ሥራ ሥር ያበቅላሉ። ጨው የገባበት የፑላካ ጉድጓድ ለማገገም ዓመታት ይወስዳል። ድርቅና ጎርፍ በተለያየ በር ገብተው ያንኑ ቤት ነው የሚጎዱት።

በ2020 ላ ኒና እንደገና ጀመረ፣ ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ ቆየ። ያኔም እኛ ጋ ቦረናና ሶማሌ ክልል ዝናብ በተከታታይ ቀረ። በኖቬምበር 2022 የቱቫሉ መንግሥት በድርቅ ምክንያት እንደገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከ2011 ወዲህ ማጣሪያው በዝቷል፣ ታንከሩ ጨምሯል፣ ፖሊሲውም ተጽፏል። በሠንጠረዡ ላይ የቱቫሉ መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ ቁጥር ያን ጊዜም ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ነበር።